ላፕቶፕ ላይ ሴቭ፣ ፍራንክፈርት ላይ ሪፍሬሽ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

በዚህ ሳምንት ድረ ገጹ ላይ አዲስ ነገር አልጨምርም። ኮዱ ከላፕቶፔ ወደ ሰርቨሩ የሚሄድበትን መንገድ ነው የምሠራው። እየሠራሁ እጽፋለሁ፤ ተመሳሳይ ጣጣ ለሚገጥመው ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ቢሯችን ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። የያዝነው ሥራ የአንድ አባት ስብስብ ነው። የድሮ መጽሔትና ጋዜጣ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ ክምችቱ ዘመድ ቤት ገባ፣ ከዚያ ገጽ በገጽ ስካን ተደረገ። እኛ ማውጫውንና መፈለጊያውን በፒኤችፒ (ድረ ገጽ በሚጻፍበት የኮድ ቋንቋ) እንሠራለን። ምስሎቹ ላፕቶፔ ላይ አይበቁም። እነሱም ዳታቤዙም ያሉት ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት፣ በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነው።

ጋሼ አንዳንድ ቀን ይመጡና አጠገቤ ቁጭ ብለው ይፈትሹታል። «ልጄ፣ ‘ሐምሌ’ ብዬ ስፈልግ በሃሌታው ‘ሀ’ የተጻፈው ለምን አይመጣም?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ኮዱን አርማለሁ፣ ሴቭ አደርጋለሁ፣ ወደ ፋይልዚላ (ፋይል ወደ ሰርቨር መጫኛው ፕሮግራም) እሄዳለሁ፣ ፎልደሩን እፈልጋለሁ፣ ፋይሉን እጎትታለሁ፣ «ይተካ ወይ?» ሲለኝ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ ገጹን ሪፍሬሽ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ እስክጨርስ ጋሼ ሌላ ጉዳይ ላይ ደርሰዋል። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «በቃ ተይው፣ ይሄ ይቅር» ይላሉ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ «ይቅር» ነው። እሳቸው የሚያውቁት ነገር እሳቸው ጋ ብቻ ነው ያለው። ማረምና ማየት በተራራቁ ቁጥር የሚታረመው ነገር ያንሳል። ስለዚህ ግቤ ግልጽ ነው፦ ሴቭ ባልኩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ለውጡ ፍራንክፈርት ደርሶ ይታይ። ኔትወርክ ቢቋረጥም መብራት ቢሄድም የተበላሸ ፋይል እዚያ አይቅር።

ሰኞ ከሰዓት

ባልደረባዬ «ለምን እዚያው ሰርቨሩ ላይ አትጽፊም?» አለኝ። ይቻላል። ቪኤስ ኮድ (የምጽፍበት ኤዲተር) ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤስኤስኤች (ወደ ሩቅ ኮምፒውተር በተመሰጠረ መስመር መግቢያው) ገብቶ የሩቅ ፋይል እንደ ቅርብ የሚከፍትበት መንገድ አለው። ፈጣን ኔትወርክና ሰፊ ሰርቨር ላለው ሰው ግሩም ነው። ግን እዚያኛው ጫፍ ላይ የራሱን ፕሮግራም ይጭናል፣ ያ ደግሞ ሜሞሪ ይበላል። የኛ ሰርቨር ያለው ሜሞሪ 1 ጊጋባይት ነው፤ ዳታቤዙም እዚያው ነው የሚኖረው። በዚያ ላይ ኔትወርኩ ቀጥ ሲል ሥራውም ቀጥ ይላል። እኔ የምፈልገው ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም መጻፍ ነው።

ሌላው አማራጭ የሰርቨሩን ፎልደር በኤስኤስኤችኤፍኤስ እንደ አንድ ዲስክ ላፕቶፑ ላይ መስቀል ነው። ሞከርኩት። ኤዲተሩ ፎልደር በከፈተ ቁጥር ስለ እያንዳንዱ ፋይል ፍራንክፈርትን ይጠይቃል። መልሱ እስኪመጣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ርቀቱን ማሰብ ይጠቅማል። ከዚህ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሄዶ ለመመለስ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች አይሆንም። መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። የባሕር በር ስለሌለን መስመሩ በየብስ ወደ ጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ ወደ ጅቡቲ፣ ይወርድና ከባሕር ኬብል ጋር ይገናኛል። ከዚያ በቀይ ባሕር፣ በግብፅና በሜዲትራኒያን አድርጎ አውሮፓ ይገባል። ዛሬ ፒንግ ሳደርግ (ሄዶ መመለሻውን ስለካ) 160 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነበር።

ትንሽ ይመስላል። አሁን በፋይልዚላ እናስላው። ፋይልዚላ የሚልክበት ኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ ፋይል አዲስ የዳታ መስመር ይከፍታል፣ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። ለአንድ ፋይል አራት ምልልስ ብንል 0.64 ሰከንድ ነው። 2,000 ፋይል ተራ በተራ ቢሄድ ከ21 ደቂቃ በላይ፣ ያውም የፋይሎቹ ይዘት ሳይቆጠር። የኢንተርኔት ፓኬጁን ፍጥነት ብናሳድግ ይህ ጊዜ አይቀንስም። የሚቀንሰው ምልልሱ ሲቀንስ ብቻ ነው።

ጊት ፑሽስ? ጊትን (የኮድ ለውጥን ታሪክ መዝጋቢውን) እወደዋለሁ፣ ግን ለዚህ አይሆንም። ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ሙከራ ሁሉ ኮሚት ሲደረግ (ሲመዘገብ) ታሪኩ በማይረባ ነገር ይሞላል። ጊት የራሱ ቦታ አለው፣ ቅዳሜ እመለስበታለሁ።

የቀረው አርሲንክ ነው፤ ሁለት ፎልደር አወዳድሮ የተለያየውን ብቻ የሚልክ ፕሮግራም። ወስኛለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ የኤስኤስኤች መግቢያ ቁልፍ ነው የምሠራው። ኤስኤስኤች በ1995 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ የተወለደው አንድ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል እየተጠለፈ ስላስቸገረ ነበር። ታቱ ዩሎነን የሚባል ተመራማሪ ጻፈው። ተራ ኤፍቲፒ እስከዛሬም የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው። ካፌ ዋይፋይ ላይ ሆኖ በተራ ኤፍቲፒ ሥራ መጫን ማለት ቃሉን ጮክ ብሎ መናገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሩን ዘግተነዋል።

ኢዲ25519 የሚባለውን ዓይነት ቁልፍ አወጣሁ፣ ማለፊያ ሐረግም ሰጠሁት። ከቁልፉ ሁለት ግማሽ ለሌላ የሚሰጠውን፣ ሕዝባዊውን፣ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሩት (ሁሉን የማድረግ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ) ሆኜ አልገባም። ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ ተጠቃሚ ከፈትኩ፤ መጻፍ የሚችለው የሙከራው ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ቁልፉ ቢሰረቅ የሚነካው ያንን ፎልደር ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ለሚደናገር ሰው፦ ቁልፉ በትክክል ተቀምጦ ሰርቨሩ አሁንም የይለፍ ቃል ከጠየቀ መጀመሪያ የፎልደሩን ፈቃድ ይመልከት። የኤስኤስኤች ፎልደር 700 (ባለቤቱ ብቻ የሚገባበት)፣ በውስጡ ያለው የቁልፎች ዝርዝር ፋይል 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ይሁን። የቤት ፎልደሩ ለሌላ ሰው መጻፊያ ክፍት ከሆነ ኤስኤስኤች ቁልፉን አያምነውም፤ ለምን እንደማያምነውም ለመግባት ለሚሞክረው ሰው አይናገርም። ምክንያቱ ሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ ላፕቶፔ ላይ ያለው የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ለሰርቨሩ አጭር ስም አወጣሁለት። ጥቂት የኮንፊግ መስመርም ጨመርኩ። ኮንትሮል ማስተር የሚባለው አንዴ የተከፈተውን መስመር ለሚቀጥለውም ጥሪ ያውለዋል። ኮንትሮል ፐርሲስት ደግሞ ያ መስመር ሥራ ሳይኖርም ለ10 ደቂቃ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርገዋል። ኤስኤስኤች ሲጀምር ቁልፍ ይለዋወጣል፣ ማንነት ያረጋግጣል፣ በየመሃሉ ምልልስ አለ። በ160 ሚሊ ሰከንድ ሲባዛ ባዶ ኮማንድ እንኳ ከሰከንድ በላይ ይፈጃል። መስመሩ ክፍት ሲሆን ግን ወዲያው ይመልሳል። ሳምንቱን ሙሉ ከሠራሁት ይሄ ጥቂት የኮንፊግ መስመር ብቻውን ብዙ ለውጥ አምጥቷል።

ረቡዕ ጠዋት

አርሲንክን የጻፉት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ናቸው፣ በ1996 እ.ኤ.አ.። ያኔ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ይንቀራፈፍ ነበር። የዘመኑ ችግር ከኛ የዛሬ ችግር ጋር ይመሳሰላል፤ ለዚህም ይመስለኛል እዚህ እንዲህ የሚመቸው።

ዛሬ ጠዋት ምንም አልላክሁም። ጠዋቱን በ‘ሰረዝ ኤን’ (-n) ብቻ ነው ያሳለፍኩት። ይህ አማራጭ ደረቅ ሙከራ ነው። አርሲንክ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይዘረዝራል፣ እጁን ግን አያነሳም። ሰርቨር ላይ ያለ ነገር የሚነካ ኮማንድ ሁሉ እንዲህ ዓይነት አማራጭ ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ እዝባሯ (/)። የምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ እዝባር ካለ «በውስጡ ያለውን ላክ» ማለት ነው። ከሌለ «ፎልደሩን ራሱን ላክ» ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ያለ እዝባር ከተላከ ሰርቨሩ ላይ ድረ ገጹ ውስጥ ሌላ ድረ ገጽ ይበቅላል። ዝርዝሩ ላይ የፋይሎቹ መንገድ ከምን እንደሚጀምር ማየት ይበቃል።

ቀጥሎ የዲሊት አማራጭ። ላፕቶፔ ላይ ያጠፋሁት ፋይል ሰርቨሩም ላይ እንዲጠፋ ያስፈልገኛል፤ አለዚያ የሞተ ኮድ እዚያ ይጠራቀምና አንድ ቀን ይጠራል። ዲሊትን ጨምሬ ደረቅ ሙከራ አደረግሁ። «ይሰረዛል» የሚለው ዝርዝር ወረደ፣ ወረደ፣ አላቆም አለ። የተሰካኑት ገጾች ናቸው። አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ ያሉት፣ ላፕቶፔ ላይ የሌሉት። አርሲንክ ከራሱ አንጻር ልክ ነው። ምንጩ ላይ የለም፣ ስለዚህ እዚያም አይኑር።

የማይነኩትን ዝርዝር በአንድ ፋይል ጻፍኩ። አፕሎድስ። የጊት ፎልደር። ኮምፖዘር ሌሎች የጻፉትን ኮድ የሚያወርድበት ቬንደር ፎልደር። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ያለበት የኤንቭ ፋይል፣ የኔና የሰርቨሩ ስለሚለያይ። ካሽ፣ ጊዜያዊ ማስቀመጫው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያለ ነገር አይላክም፣ በዲሊትም አይጠፋም። ሆን ብሎ ‘ዲሊት ኤክስክሉድድ’ ካላሉት በስተቀር፤ እሱን ደግሞ አልጽፍም።

ካሽ ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ዝርዝሩ ላይ ስሙን ብቻ ብንጽፍ በየትኛውም ጥልቀት ያለ ‘ካሽ’ የሚባል ፎልደር ሁሉ ይቀራል። የኛ መፈለጊያ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ካሽ የሚባል ንዑስ ፎልደር አለው፤ እሱ መላክ አለበት። ከስሙ ፊት እዝባር ሲደረግ «ከሥሩ ላይ ያለውን ብቻ» ማለት ይሆናል። ዝርዝሩን ደግሜ አየሁት። አሁን የሚሰረዝ የለም፣ የሚላከውም የሚጠበቀው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት

ላክሁ። ሄደ። ሁለተኛውን ጥሪ ወዲያው ደገምኩት፤ የሚላክ ፋይል ስላልነበረ በቅጽበት አለቀ።

ባልደረባዬ ጥያቄ አነሳ። «የኛ ሰዓትና የሰርቨሩ ሰዓት አይገጥምም። እሱ ጋ ያለው ፋይል አዲስ መስሎት ቢዘልለውስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የሰርቨሩ ሎግ 6:40 ሲል ላፕቶፔ 9:40 ይላል፣ እኛ ደግሞ 3:40 እንላለን። ግን ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ፋይሉ የተቀየረበት ጊዜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፈው ሰከንድ ነው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያ ቁጥር አዲስ አበባም ፍራንክፈርትም አንድ ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ ይበልጣል። አርሲንክ በተለምዶ «የቱ ነው አዲሱ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ መጠኑና የተቀየረበት ጊዜ። ሁለቱ ከገጠሙ ይዘለዋል። አንዱ ከተለያየ የምንጩ ያሸንፋል። ስለዚህ ነው ጊዜውን አብሮ መላክ የግድ የሚሆነው፤ ‘ሰረዝ ኤ’ ያንን ያካትታል። ጊዜው ካልተላለፈ በሚቀጥለው ጥሪ ሁሉም ፋይል የተለያየ መስሎት እንደገና ይፈትሸዋል።

ጊት ላይ ከአንዱ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ወደ ሌላው ስንዘዋወር ይህ ይታያል። ጊት ፋይሉን ሲያወጣ የድሮውን ጊዜ አይመልስም፤ የአሁኑን ሰዓት ይሰጠዋል። አርሲንክም «ተቀይሯል» ይላል። ያኔ ሁለተኛው ጥበቡ ይመጣል። ተቀባዩ ያለውን ፋይል በየቁራጩ ይከፍለዋል፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር መለያ ቁጥር ያሰላና ለላኪው ይልካል። ላኪው የራሱን ፋይል ባይት በባይት እየተንሸራተተ ያንኑ መለያ ይፈልጋል። የገጠመውን «አንተ ጋ አለ» ብሎ ያልፋል፣ ያልገጠመውን ብቻ ይልካል። ከፋይሉ መሃል አንድ መስመር ቢገባና የቀረው ሁሉ ወደታች ቢገፋ እንኳ ያገኘዋል። የማደንቀው ይህን መንሸራተት ነው።

እውነቱን ለመናገር ለኮድ ፋይል ይህ ትልቅ ቁጠባ አይደለም፣ ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው። ትልቁ ቁጠባ ያልተነካውን አለመላክ ነው። የፋይሎቹ ዝርዝር ደግሞ በአንድ ጅረት ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ ፋይል እየሄደ አይመለስም።

ሐሙስ ጠዋት

የየመጽሔቱ መግለጫ በአማርኛ ስም የተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ከኮዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ከሰርቨሩ ላይ ሆኜ ዝርዝሩን ሳወጣ ‘ሐምሌ’ የሚለው ፋይል ይህን መስሎ ታየ፦

\#341\#210\#220\#341\#210\#235\#341\#210\#214

ባልደረባዬ «ጉድ ፈላ፣ ስሞቹ ተበላሹ» አለ። አልተበላሹም። ሰርቨሩ ሲገጠም ቋንቋው አልተነገረውም ነበር። ያልተነገረው ፕሮግራም የማያውቀውን ባይት በቁጥር ይጽፈዋል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት መጻፊያው ሥርዓት) እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ነው። ከላይ ያለውን በሦስት በሦስት ብንከፍለው ሐ፣ ም፣ ሌ ይወጣል። መደበኛዎቹ የግዕዝ ፊደሎች ሁሉ የሚጀምሩት በ341 ነው። አንዴ ካወቁት ይነበባል። ‘ሰረዝ ስምንት’ የሚለው አማራጭ ፊደሉን እንዳለ ያሳያል፤ ሰርቨሩንም ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን አስተካከልኩት፣ አለቀ።

ግን ይህ ዝርዝር ሌላ ነገር አሳየኝ። የሚመሳሰሉ ስሞች ነበሩ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቁጥር ብቻ የሚለያዩ። ሐ 341 210 220 ነው። ሀ 341 210 200። ኀ 341 212 200። አንዱ ‘ሐምሌ’ ብሎ፣ ሌላው ‘ሀምሌ’ ብሎ ያስቀመጠው የአንድ መጽሔት መግለጫ ሁለት ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ዝምድና የላቸውም። ‘ኅዳር’ና ‘ህዳር’ም እንዲሁ። ስሙን ማስተካከል ደግሞ ለአርሲንክ ስም መቀየር አይደለም። አሮጌው ጠፋ፣ አዲስ ተወለደ ነው የሚለው፤ ሙሉውን እንደገና ይልካል። ለጽሑፍ ፋይል ምንም አይደለም። ለትላልቅ ምስል ግን ስሙን ሰርቨሩ ላይም መቀየር ይሻላል።

ስሞቹን በአንድ ሥርዓት ለማድረግ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «በሐመሩ ‘ሐ’ ነው፣ ያለ ጥርጥር» አሉኝ በስልክ። የወራቱን አጻጻፍ ሁሉ ነገሩኝና ጻፍኩ። አሁን ኮዱ ውስጥ አንድ ዝርዝር አለ፤ ከእሱ ውጪ የሆነ የወር ስም ያለው ፋይል ሲመጣ ያስጠነቅቃል።

የፋይል ስም ርዝመትም ልብ ይባል። ሊኑክስ ላይ በተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች ጣሪያው 255 ባይት ነው፣ ፊደል አይደለም። በሦስት ሲካፈል 85 ፊደል። ሙሉ ርዕሱን፣ ወሩንና ዓመቱን ስም ላይ ማጨቅ የሚወድ ሰው ቶሎ ይደርስበታል።

ሐሙስ ማታ

አሁን ኮማንዱን በእጅ መጥራት ይቅር። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይኖቲፋይ የሚባል ነገር አለ። ፎልደር ጠብቅ ይሉታል፣ ፋይል ሲቀየር ይናገራል። በየሰከንዱ ፎልደሩን ከመፈተሽ ያድናል።

ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ንዑስ ፎልደሮችን በራሱ አይጠብቅም፤ ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ ጠባቂ ይቆማል። በቆዩ ሲስተሞች ጣሪያው 8,192 ነበር። ቬንደርንና የጊትን ፎልደር ካላስወጣን ጠባቂው በማይነካ ነገር ላይ ያልቃል። ሁለተኛ፣ አንድ ሴቭ አንድ ድርጊት አይደለም። ብዙ ኤዲተሮች መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ይጽፋሉ፣ ከዚያ ስሙን ይቀይራሉ። በእያንዳንዱ ድምፅ አርሲንክ ቢጠራ ይደራረባል። ስለዚህ የጻፍኩት ስክሪፕት የመጀመሪያው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ዝም እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ አንዴ ይልካል።

ባልደረባዬ ማክ ነው ያለው፣ እዚያ አይኖቲፋይ የለም። ኤፍኤስዎች የሚባለውን ጫነ፣ ሁለቱም ላይ ይሠራል። አርሲንክንም በሆምብሩ (የማክ ፕሮግራም መጫኛ) አዲስ አወረደ፤ ማክ ላይ ለብዙ ዓመት አብሮ ሲመጣ የነበረው 2.6.9 የ2006 ነው።

ዓርብ

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ራውተሩ ጠፋ። ፈተናው ራሱ መጣ ማለት ነው።

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ስለዚህ መጻፌን ቀጠልኩ። ስልኬን ሆትስፖት አደረግሁ። አዲስ ኔትወርክ ማለት አዲስ አይፒ ነው፤ ክፍት የነበረው የኤስኤስኤች መስመር ሞቷል፣ ግን መሞቱን አላወቀም። አርሲንክ በዚያው በሞተው መስመር ሊሄድ ይሞክርና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮንፊጉ ላይ በየ15 ሰከንዱ «አለህ ወይ?» እንዲል፣ ሦስቴ መልስ ካጣ እንዲዘጋ ጻፍኩ። 45 ሰከንድ ነው፤ ረጅም ነው። ለዚህ ስክሪፕቱ ላይ አንድ እርምጃ ጨመርኩ። አርሲንክ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ያቋርጣል፣ አሮጌውን መስመር ራሱ ይዘጋል፣ አዲስ ይከፍታል፣ ይደግማል። ውጤቱ ዜሮ (ያለ ስህተት መጨረሱ) እስኪሆን ድረስ።

መድገም የማያስፈራው ለምንድን ነው? አርሲንክ አዲሱን ይዘት በቀጥታ በፋይሉ ላይ አይጽፍም። አጠገቡ በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ሲጨርስ ብቻ ስሙን ቀይሮ ይተካዋል። መሃል ላይ ቢቋረጥ ድረ ገጹ የሚያነበው የድሮውን ሙሉ ፋይል ነው፤ ግማሽ ፋይል የሚባል ነገር የለም። ፋይልዚላ ላይ ግን ማስተላለፉ ሲቋረጥ እዚያኛው ጫፍ ላይ የተቆረጠ ፒኤችፒ ይቀራል፣ ገጹም ነጭ ይሆናል። ብዙ ፋይል አብሮ ሲቀየር ደግሞ ‘ዲሌይ አፕዴትስ’ ሁሉም እስኪደርስ ይጠብቅና መተካቱን መጨረሻ ላይ በአንድነት ያደርጋል።

ጋሼ ከምሳ በኋላ መጡ። መብራት ተመልሷል። ማኪያቶ አዘዝንላቸው፣ ተቀመጡ። «እስቲ ‘ኅዳር’ በይ» አሉኝ። የፍለጋው ደንብ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ሴቭ አደረግሁ፣ ተርሚናሉ ላይ የፋይሉ ስም አለፈ። ሪፍሬሽ አልኩት። አልተቀየረም። ደገምኩት፣ መጣ።

ምክንያቱን አወቅሁት። ፒኤችፒ የተተረጎመውን ኮድ በኦፕካሽ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል። ፋይሉ ተቀይሮ እንደሆነ የሚያየው በተለምዶ በየ2 ሰከንዱ ነው። እኛ አሁን ከእሱ ፈጥነናል። ለሙከራው ድረ ገጽ ብቻ ዜሮ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ሴቭና ሪፍሬሽ ተከታትለው ሄዱ። ጋሼ ማውጫውን ከላይ እስከ ታች አወረዱት። ስለ ዓመተ ምሕረቱ አጻጻፍ፣ ስለ ቅጽና ቁጥር ቅደም ተከተል፣ ልዩ እትም የት መግባት እንዳለበት፣ ሁሉንም ተናገሩ፣ ሁሉንም እዚያው አየነው። «ይቅር» አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት

አንድ ጉዳይ ቀርቷል፣ ከሁሉም የምጠነቀቅለት። ሁለታችንም ወደ አንድ ፎልደር ከላክን የመጨረሻው ላኪ ያሸንፋል፤ ዲሊት ስላለ ደግሞ የሌላውን አዲስ ፋይል ያጠፋዋል። ስለዚህ ለየራሳችን የሙከራ ፎልደርና አድራሻ አለን። የሁለታችንን ሥራ የሚያገናኘው ጊት ነው፣ አርሲንክ አይደለም። ሰዎች የሚያዩት ትክክለኛው ድረ ገጽም ከላፕቶፕ በቀጥታ አይነካም። ሰርቨሩ ላይ የጊት ማከማቻ አለ፤ ዋናው ብራንች ሲገፋለት ራሱ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። ግማሽ ሙከራ ወደዚያ አይደርስም፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረም ተጽፎ ይቀራል።

አንዳንድ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ የሚያመሳስል መሣሪያ ይወዳል። ዩኒሰንም ሙታጀንም አሉ፣ ጥሩ ፕሮግራሞች ናቸው። እኔ ለኮድ አልፈልገውም። ኮድ የሚጻፈው አንድ ቦታ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ። ሰርቨሩ ተቀባይ ነው። ሁለቱም ጫፍ መጻፍ ከቻለ የቱ እውነተኛው እንደሆነ መከራከር ይመጣል፤ ያ ክርክር ሁልጊዜ የሚነሳው ሥራ በተጣደፈበት ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲገባ የሚታየው ሰላምታ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፦ «እዚህ ፋይል አይታረምም። የታረመው በሚቀጥለው ሴቭ ይጠፋል።»

አፕሎድስ ብቻ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። የተሰካኑት ገጾች የሚኖሩት ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ስለዚህ የሚመጡት ከዚያ ወደዚህ ነው። ቢሮ ያለው ዲስክ ላይ ማታ ማታ በአርሲንክ እናወርዳቸዋለን። እዚህኛው ላይ ዲሊት የለም፤ እዚያ በድንገት የጠፋ ገጽ እዚህ እንዲጠፋ አልፈልግም። ለምስሎቹ ‘ሰረዝ ዜድ’ የሚለውን መጨመቂያም አወጣሁት፣ ጄፔግ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ፕሮሰሰሩን ብቻ ያደክማል። ‘ፓርሻል’ የሚለውን ግን ጨመርኩ። ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ከተቋረጠ የወረደው አይጣልም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ይቀጥላል። የመጀመሪያው ማውረድ ትናንት ማታ ተጀምሯል፣ አሁንም እየሄደ ነው።